እመት ላቀች እግራቸውን የሚያሞቁበት መኪና

ባለፈው ሳምንት እሑድ ልጄ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቱ ምሳ ጋብዞኝ፣ በቅርቡ በገዛው አሮጌ መኪና ወደ ቤቴ ሲመልሰኝ መንገድ ላይ ራሴን ፈለጠኝ። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ፤ ዝናብ ስለ ጣለ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የጠረጠርሁት ምራቴን ነው። ሜሮን ሸጋ ልጅ ናት፤ ታከብረኛለች፤ ግን ያን ቀን የሠራችው የዓሣ ጉላሽ አንድ የማላውቀው ቅመም ነበረበት። ምንድን ነው ብላት «ኧረ ምንም የለበትም እማዬ» ብላ ሳቀች። ምንም የሌለበት ነገር ምን ያስቃል? ግንባሬን በመዳፌ ደግፌ ይህን ሳብሰለስል አንድ ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ። የጋለ ብረት፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ትንሽም የተለበለበ ሱፍ የሚመስል። ከወጣትነቴ ወዲህ አሽትቼው አላውቅም፤ ግን ወዲያው አወቅሁት። «መስኮቱን ክፈት» አልሁት። «ዝናብ ይገባል እኮ እማዬ።» «ይግባ!» ብዬ ስጮህ ደንግጦ ከፈተው። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ጥርጣሬዬን ከሜሮን ጉላሽ ላይ አነሣሁ፤ ልቤ ግን ከዚያ መኪና ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ገባ።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስና በኩፖን ነው። ደርግ ነው። ወንዶች ታቹ የሰፋውን ሱሪ ትተው ካኪ መልበስ የጀመሩበት፣ እኛ ሴት አስተማሪዎች ፀጉራችንን አፍሮ ማድረግ ያቆምንበት፣ ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በተራ የሚወሰድበት ጊዜ ነው። ሎሚ ብቻ እንደ ልብ ነበር፤ በስሙኒ ሁለት እጅ ሙሉ ይሰጡ ነበር። ባሕር ዳርም ዛሬ እንደምታዩዋት አልነበረችም። ባጃጅ የሚባል የለም፤ ብስክሌት ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ አስፋልቱ በዘንባባዎቹ መካከል በብስክሌት ደወል ይሞላል። እሑድ አመሻሹ ላይ ከሐይቁ ዳር የኪነት ቡድን ሙዚቃ ይሰማል፤ መጀመሪያ ሰልፍ ሰልፍ የሚለውን ይዘፍኑና ልባቸው ሲረታ ወደ ትዝታ ይዞራሉ። የምንወደው እሱን ነበር፤ ግን ቶሎ አናጨበጭብም፤ ማን ምን ላይ እንዳጨበጨበ የሚያይ አይጠፋም። ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ የሰማ «ምን ጣቢያ ነው» ይባላል፤ ከፍ ያደረገ «ምን ሊሸፍን ነው» ይባላል። አንድ ያልታወቀ ብስክሌት በር ላይ ቆሞ ከዋለ የሰፈሩ ሁሉ ዓይን እሱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ነበር።

ሙላትን ያገባሁት ያኔ ነው። እሱ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ፣ እኔ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው መራዊ የተመደብሁ አስተማሪ። ወደ ባሕር ዳር ዝውውር ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነበር፤ እስኪመጣ ድረስ እሱ ከእናቱ ቤት፣ እኔ መራዊ በተከራየኋት ቤት እንኖራለን። የምንገናኘው እሑድ ነው። ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር። እናቱ እመት ላቀች ግን «የልጄን ቤት ልየው» እያሉ ከሚመጣበት መኪና የኋላ ወንበር ይቀመጣሉ።

እመት ላቀች ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ነበሩ። በማንም ላይ ክፉ ሲሠሩ አላየሁም፤ ማንንም ሲያምኑም አላየሁም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፋቸው አይጠፋም። እንቁላል ሲገዙ ጆሯቸው አጠገብ እየነቀነቁ ያዳምጡታል። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ የእህላቸው የመጨረሻው ብናኝ እስኪወርድ ከወፍጮው አፍ አይነሡም። እንዴት አደሩ ያላቸውን ሰው «ምን አስቦ ነው» በሚል ዓይን ይሸኙታል። ባላቸው ግራዝማች ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ባሰባቸው። በዚያ ጊዜ ሰውን በድሮ ማዕረግ መጥራት ያስፈራ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀበሌ ፊት ሳይቀር «ግራዝማች» እንጂ ሌላ ስም አይጠሩም። ይህን ድፍረታቸውን እወድላቸው ነበር።

መኪናው የግራዝማች ነው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ የገዙት፣ ያኔም ቢሆን ሙዚየም የሚገባ፣ ትልልቅ ክብ መብራት ያለው፣ በሩ ወደ ኋላ የሚከፈት ጥቁር መኪና። የመታጠፊያ ምልክቱ ከጎኑ እንደ ጆሮ ብቅ የሚል ብረት ነበር፤ እሱም ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ሙላት ሲነዳ፣ ዝናብም ቢሆን፣ የራሱን መስኮት ከፍቶ እጁን እያወጣ ነው የሚታጠፈው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል። መኪናው ጋራዥ የሚባል አያውቅም። «መካኒክ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ብልሹውን ይከትበታል» ይሉ ነበር እመት ላቀች። አንድ ጊዜ አንድ መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ ቢያየው ኪሱን ገልብጦ እስኪያሳያቸው አልለቀቁትም፤ ከዚያ ወዲህ ዘይት ከመቀየር በቀር የነካው የለም።

ታዲያ ከኋላ ወንበር ፊት፣ እግር የሚያርፍበት ቦታ፣ ወለሉ ይሞቃል። እመት ላቀች ቁርጥማት ነበረባቸው። እዚያ ላይ አጎዛ አንጥፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ከአንገታቸው እስከ እግራቸው ጥለው ይቀመጣሉ። «አይ ግራዝማች! እግሬን እንዳይበርደኝ አስቦ የገዛልኝ» ይላሉ። ከመኪናው ሁሉ የሚወዱት ያንን ሙቀት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው፤ መራዊ ሲደርሱ ደኅና ናቸው። ገብተው ሳይቀመጡ ቤቱን በዓይናቸው ያስሳሉ፤ አልጋው ሥር፣ የእንስራው አፍ፣ የመስኮቱ ደፍ። ጠላ ስቀዳላቸው እንደ ወጉ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ ቀምሼ እሰጣቸዋለሁ። በእኛ ዘንድ ቀጂ ሳይቀምስ አይሰጥም። መርዝ የለበትም ለማለት የተጀመረ ወግ ነው ይባላል፤ ሌላው ሰው ግን እንደ ሰላምታ ነው የሚያደርገው፤ የወጉን ሥር ረስቶታል። እመት ላቀች አልረሱትም። መዳፌን ያያሉ፤ ከዚያ ጉሮሮዬን ያያሉ፤ እስክውጥ ይጠብቃሉ።

ክረምት ገባ። እኛ አስተማሪዎች በክረምቱ መሠረተ ትምህርት ስለምናስተምር መራዊ ቆየሁ። የክረምት ዝናብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው ልማዱ፤ ሲመለሱ ይጥልባቸዋል። የኋላው መስኮት ይዘጋል፤ ሙላት ብቻ የራሱን ከፍቶ ይነዳል። ባሕር ዳር ሲደርሱ እመት ላቀች ራሳቸው ተፈልጦ፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ የበሉትን ሁሉ ያወጣሉ። መጀመሪያ ብርድ ነው አሉ። በሚቀጥለው እሑድም ያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጠላው ብቻ ሳይሆን ሽሮውንም ቅመሺ፣ ውሃውንም ቅመሺ፣ ጨውንም ቅመሺ መጣ። እቀምሳለሁ። ምንም አልሆንም። ምንም አለመሆኔ ራሱ ጥፋት ሆነብኝ። «አንቺማ ማርከሻውን ታውቂዋለሽ» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቀስ ብለው፣ ሙላት ደጅ በወጣበት።

በዚያው ሰሞን ከመራዊ መውጫ ኬላ ላይ አንድ ጠባቂ ሊፈትሽ አንገቱን ወደ ኋላው ወንበር አስገባና ወዲያው አወጣው። «እናቴ፣ ይህ መኪና ምን ተቃጥሎበት ነው?» ይላቸዋል። እመት ላቀች ግራዝማችን የሰደበባቸው መስሏቸው «ኧረ ወዲያ፣ አፍንጫህን ታከም!» ብለውታል። ሙላት ይህን እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ለማዳ አፍንጫ ምን ይሸተዋል። እነሱ ያንን ሽታ የመኪናው ጠረን ብለው ከተቀበሉት ዓመታት አልፈዋል።

ፍልሰታ ገባ። እመት ላቀች ሱባዔ ይዘው እስከ ማታ እህል ውሃ አይቀምሱም። ሙላት ፈረቃው ዕረፍት በሆነበት አንድ ረቡዕ ድንገት መጡብኝ። ኋላ እንደ ሰማሁት ሆን ብለው ነው። «ባዶ አፌን ሄጄ ባዶ አፌን እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይለያል» ብለዋል። ብልህ ሴት ነበሩ፤ ፈተናውም ደህና ፈተና ነበር። ቤቴ ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ነገር ሳይነኩ፣ የቀረበላቸውን ውሃ በዓይናቸው ብቻ አይተው፣ ዝናቡ መውረድ ሲጀምር ተመለሱ። ያን ቀን ከሁሉ የባሰ ታመሙ፤ ሙላት አቅፎ ነው ከመኪናው ያወረዳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲያ ከምግቡ አይደለም» ብሎ ልጅቱን ነፃ ያወጣል። እመት ላቀች ግን «ሳልበላም ይዞኛል! ይህማ ከምግብ ያለፈ ነው፤ ደጃፏ ላይ የቀበረችው አለ» አሉ። ነጠላቸውን ሲያጥፉ ደግሞ ጥለቱ ጠቁሮ አገኙት። አላጠቡትም። በጋዜጣ ጠቅልለው ለሽማግሌ ማስረጃ አስቀመጡት።

ሙላት ይህን ሊነግረኝ ብቻውን በአውቶቡስ መጣ። ሙላት ማሽን ሲበላሽ እጁ የሚፈጥን፣ ሰው ሲበላሽ አፉ የሚታሰር ሰው ነው። ሳይቀመጥ «እናቴ ፍታት እያለችኝ ነው» አለ።

«አንተስ ምን አልህ?»

«እኔማ አላምንም። ግን እየታመመች ነው፤ ዓይኔ እያየ።»

ይህን ሲል ዓይኑ እጄ ላይ አረፈ። ወዲያው አነሣው፤ እኔ ግን አየሁት። እናቱ ቢጠረጥሩኝ የአማት ነገር ነው ብዬ እችለዋለሁ፤ እሱ እጄን ሲያይ ትዳሬ ያለቀለት መሰለኝ። ወድጄው ነበር። የትም ሳይወስደኝ፣ እሑድ ከሰዓት የቤቱን ደጅ ከኔ ጋር ተቀምጦ ሲያይ ደስ የሚለኝ ሰው ነበር። እናት አባቴ ዱርቤቴ ከተማ ናቸው፤ መተተኛ ተብላ ተፈትታ የመጣች ልጅ ይዘው ከጎረቤት ፊት እንዴት ይቆማሉ? ያን ሰሞን እንቅልፍ የሚባል አጣሁ።

ጳጉሜ ላይ ሽማግሌ ባሕር ዳር እመት ላቀች ቤት እንዲቀመጥ ተቆረጠ። ሙላትና እናቱ ሊወስዱኝ መጡ። ፊት ልቀመጥ ስል «እዚህ ከጎኔ ተቀመጭ፤ እጅሽን ልየው» አሉኝ። ከኋላ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከጧት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ ንዴት አጥግቦኛል። ዝናቡ ጣለና መስኮቱን ዘጉ። እግሬ ሥር ሲሞቀኝ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ጥቂት እንደ ሄድን ግን ዓይኔ መቃጠል፣ ግንባሬ እንደ ከበሮ መመታት ጀመረ። ሆዴ ተገለበጠ። እመት ላቀች ገጼን አይተው ከጉያቸው ሎሚ አወጡ። «እንኪ፣ አሽቺው።» አሸተትሁት። ባሸተትሁት ቁጥር ባሰብኝ። ያን ጊዜ እኔም ጠረጠርሁ። እሳቸው «ሳልበላም ይዞኛል» ሲሉ ስቄ ነበር፤ አሁን እኔው ራሴ ያልበላሁት ነገር ያዘኝ! ሎሚው ላይ ምን አድርገውበት ነው? ሽማግሌ ፊት ቀርቤ ሳልናገር አፌን ሊይዙት ነው። ሎሚውን ወለሉ ላይ ጣልሁት። እሳቸው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ሁለታችንም ፊታችን አመድ መስሏል፤ ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን ገዳይ አድርገን ይዘናል። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር። «ሙላት፣ አቁም!»

አቆመ። በሩን ከፍቼ ጭቃው ላይ ወረድሁና ባዶ ሆዴ የሚያወጣው እስኪያጣ ታገለ። ዝናቡ አናቴ ላይ ሲወርድብኝ ቀስ በቀስ ዓይኔ ተከፈተ። መጀመሪያ ያሰብሁት ሎሚውን ነው። እሳቸው ነጠላ ከያዙብኝ እኔም ሎሚ እይዛለሁ ብዬ ልፈልገው ጎንበስ አልሁ። ተንከባልሎ አጎዛው ሥር ገብቷል። አጎዛውን ገለጥሁት። የሥረኛው ጎኑ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ወለሉን ዝገት በልቶት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሆኗል፤ ከቀዳዳው ጭስ ቱፍ፣ ቱፍ ይላል። ሎሚው አጠገቡ ቆሟል፤ ግማሽ ጎኑ ጥላሸት ነው።

ለሙላት አሳየሁት። ሙላት አጎንብሶ አየ፤ ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። እመት ላቀች «ደግሞ የግራዝማችን መኪና ልታሳብቢ ነው?» አሉ። ፊት ገባሁ፤ የኋላውን መስኮት ግን ሙላት በራሱ እጅ ከፈተው፤ እመት ላቀች በዝናቡ እየራሱ፣ እየተቆጡ ባሕር ዳር ደረሱ። አንድ ነገር ግን ልብ አልሁ፤ እየተቆጡ ደረሱ እንጂ እየታመሙ አልደረሱም። መስኮቱን ከፍቶ የሚነዳው ሙላት ታሞ የማያውቀውም ለዚህ ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አንጋፋው ጎረቤታቸው አቶ ፈንታ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ጭራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ። እመት ላቀች ቆመው ተናገሩ፤ ጋዜጣውን ፈትተው ነጠላውን ዘረጉት። «ከሷ ቤት በተመለስሁ ቁጥር ይኼ ይወጣብኛል። ይኼን ጥቁር ማን አመጣው? በሉ ፍረዱኝ!» የጥለቱ ጥቁረት ያስፈራል፤ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ የራሴን ነጠላ ዘረጋሁ። የለበስሁት ያን ጧት ታጥቦ፣ ጉዞውም ገና እኩሌታ ሳይሆን የወረድሁበት ነው፤ ጫፉ ጠቁሯል። «የኔንስ ማን አመጣው አባቶቼ? እኔን ማን መተተብኝ?»

«አያችሁ! ራሷን ቀባች!» አሉ እመት ላቀች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «ዶሮ መኪናው ውስጥ እናስገባና እንየው» አለ። እመት ላቀች ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። «ዶሮ? ምን ዓይነት ዶሮ? ገብስማ ናት ወይስ ነጭ? ከየት ነው የምትመጣው? በዶሮ እኮ ነው ያስያዘችኝ!» የዶሮዋ ነገር እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ሙላት ተነሣ። ጆንያ ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አጎዛውን አውጥቶ ጣለ፤ በሮቹን ከፋፈተ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ኋላ ሄደና የጭስ ማውጫውን አፍ በእርጥቡ ጆንያ ግጥም አድርጎ ያዘው። በኋላ በኩል መውጫ ያጣው ጭስ ከወለሉ መጣ። በዚያች ቀዳዳ ብቻ አልነበረም፤ በወንበሩ ሥር፣ በበሩ ደፍ፣ በየስንጥቁ እየወጣ እመት ላቀች የሚቀመጡበትን ቦታ ሞላው፤ በበሮቹ ተርፎ ወደ በረንዳው መጣ። ሽማግሌዎቹ እያሳሉ ወደ ኋላ ሸሹ። አቶ ፈንታ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ።

እመት ላቀች መኪናውን ዞረው አዩት። ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ማን ቀደደው?» አሉ።

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። አቶ ፈንታ «ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ቢሉ እመት ላቀች እንቢ አሉ። «ይሠራ። ተሠርቶም ካመመኝ ትሂድልኝ፤ ካላመመኝ ያን ጊዜ እናያለን።» ትዳሬ እንግዲህ በአንድ ቀዳዳ ቱቦ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ለማን ይሰጥ ሲባል ሌላ ጭቅጭቅ መጣ። በመጨረሻ ያመኑት ሐይቁ ዳር የሞተር ጀልባ የሚጠግኑትን ጋሼ ኑሩን ነው። ቤተሰባቸው ጀልባ ሠሪና ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ግራዝማች ገዳማቱን ሊሳለሙ ሲሻገሩ በሳቸው ጀልባ ነበር። «ግራዝማችን ሐይቅ ላይ ያልጣለ መኪናውን አይጥልም» አሉ። አሉ እንጂ በርጩማቸውንና ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው ከጎናቸው ተተከሉ። እኔም ሄድሁ። የራሴን ዕጣ ሲበየድ ማየት አለብኝ።

ጋሼ ኑሩ መኪናውን በግንድ ላይ አቁመው ሥሩ ገቡ። ከሞተሩ የሚመጣው ቱቦ ማርሚታ ከሚሉት፣ ድምፁን ከሚያፍነው የጭስ በርሜል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ መሐል የነበረው ማሸጊያ፣ ጋስኬት የሚሉት፣ ተቃጥሎ አልቋል፤ ማርሚታው ራሱ ጎኑ ተቦድሷል። በዚያ ጊዜ ዕቃ ከየት ይመጣል? ከጀልባ ሞተር የተረፈ፣ እሳት የማይበላው ወፍራም ወረቀት ነበራቸው፤ በመቀስ ልክ አስይዘው ቆረጡና ጋስኬት አደረጉት። ለቡድሱ የዱቄት ወተት ጣሳ ቀደው ዘረጉ፤ ቱቦውን እስኪያበራ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት፤ ጣሳውን ጠቅልለው፣ እሳት የማይበላው ገመድ ደርበው፣ በሽቦ አጠበቁት። ወለሉን በቆርቆሮ ደፈኑት። የወለቀውን እያንዳንዱን ብሎን እመት ላቀች ተቀብለው ቀሚሳቸው ላይ ያስቀምጣሉ፤ ሲጠየቁ አይተው ይሰጣሉ። ጋሼ ኑሩ «አሁን ትንፋሽ እንደማይወጣ በሳሙና ውሃ እናያለን፤ ሳሙና አለ?» አሉ። ሳሙና በዚያ ጊዜ ሳሙና ነው። እመት ላቀች ከመቀነታቸው በጨርቅ የታሠረች የቀበሌ ሳሙና አወጡ። ለምን ይዘዋት እንደ መጡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ቤት ትተዋት ለመምጣት ማንንም አላመኑ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያው ላይ ተቀባ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ አረፋው የትም ላይ አልተነፋም።

«አልቋል?» አሉ እመት ላቀች።

«ግሎ ይብረድ። ሲበርድ ብሎኑን ደግሜ አጠብቀዋለሁ።»

«ደግመህ? መጀመሪያ ለምን አላጠበቅኸውም?»

«ጋስኬቱ ሲግል ይሟሽሻል እመት ላቀች። አንድ ጊዜ ብቻ ያጠበቁት ተመልሶ ይተነፍሳል።»

አላመኗቸውም፤ ግን ተቀመጡ። ብረቱ እስኪበርድ ከቤት ያመጡትን ብርዝ ለጋሼ ኑሩ ቀዱላቸው። ጋሼ ኑሩ ብርጭቆውን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ወሬው ሐይቁ ዳር ድረስ ደርሷል። ፈገግ ብለው፣ ግን በጨዋነት፣ «እስኪ ይቅመሱልኝ እመት ላቀች» አሉ።

የእመት ላቀች ፊት ተለዋወጠ። እሳቸው ሲያስቀምሱ እንጂ ማንም አስቀምሷቸው አያውቅም መሰለኝ። መዳፋቸው ላይ ብርዙን ጠብ አደረጉ። ቀመሱ። ዋጡ። የኛም ዓይን ጉሮሯቸው ላይ ነበር። ጋሼ ኑሩ «አሁን ይስጡኝ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጡትና ተመልሰው መኪናው ሥር ገቡ።

አዲስ ዓመት ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ መጥተው፣ ሁሉን አስቀምሰውኝ በልተው፣ በዝናብ መስኮቱን ዘግተው ተመለሱ። ስልክ የለኝም፤ ምን እንደ ሆነ የምሰማው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍሁት አልነግራችሁም። የማስተምራቸው ልጆች የጻፉትን ሳላይ ትክክል አደርግላቸው ነበር። እሑድ የመኪናው ድምፅ ሲመጣ በር ላይ ቆምሁ። ድምፁም ተለውጧል፤ ድሮ ያጉረመርም የነበረው አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚመጣው። እመት ላቀች ቀጥ ብለው ወረዱ። ፊታቸው ደህና ነው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ «እግሬን በረደኝ» አሉ። «ግራዝማች የሰጠኝን ሙቀት ደፈናችሁት።» የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ብቻ አሳዘኑኝ። ለካ እነዚያን ዓመታት ሁሉ የሚያሞቃቸው ያ መርዝ ነበር።

ገቡ። እንደ ልማዳቸው አልጋውን፣ እንስራውን፣ የመስኮቱን ደፍ አዩ። ተቀመጡ። ሙላት ደጅ ቆሟል፤ ለመግባት የፈራ ይመስላል። ጠላውን አመጣሁ። ብርጭቆውን ሞላሁና መዳፌን ዘርግቼ ለመቅመስ ሳዘነብል እጃቸው መጥቶ አንጓዬን ያዘኝ። ቀዝቃዛ፣ አጥንቱ የሚቆጠር እጅ ነበር። ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱ።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «እጅሽን አታርጥቢው።»

ጉሮሮዬን አላዩም። ዓይናቸውን ወደ በሩ አዙረው እስከ ታች ጠጡት፤ ብርጭቆውን መለሱልኝ፤ ድገሚኝ አሉ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ባሕር ዳር ተዛውሬ አብሬያቸው በኖርሁባቸው ዓመታትም አልወጣም። ወተት የሚያመጣልንን ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው አስቀምሰውታል። እኔን ግን አንድም ቀን።

ትናንት ደግሞ እሑድ ነበር፤ እንደገና ልጄ ቤት ሄድሁ። ሜሮን የማንጎ ጭማቂ አቀረበችልኝ፤ ሳትቀምስ። የዛሬ ልጆች ወጉን አያውቁትም፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ በሳቅ ፊቴ ቆመች። እኔም ብርጭቆውን አየሁት፤ እሷን አየኋት፤ የእመት ላቀች ዓይን በዓይኔ ውስጥ ሲዞር ይታወቀኛል። አንሥቼ እስከ ታች ጠጣሁት። ከዚያ ልጄን «ተነሥ፣ የመኪናህን ምንጣፍ ግለጥልኝ» አልሁት።